“ይሄን ያህል ሚሊዮን ገበሬ ሰለጠነ” ሲባል ምን ማለት ነው? የኤክስቴንሽን ሥራ ለሕዝብ ሲነገር መሀል ላይ የሚጠፋው ነገር

“ይሄን ያህል ሚሊዮን ገበሬ ሰለጠነ፣ ይሄን ያህል ሄክታር በምርጥ ዘር ተሸፈነ” የሚል ዜና ሲወጣ ከስሩ የሚመጣው አስተያየት ሁሌ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ “ገበሬው ከአባቱ የወረሰውን ሥራ ነው እንዴ ትናንት የተመረቀ ልጅ የሚያስተምረው” ይላል፣ ሌላው ደሞ “ይሄ ሁሉ ሰው ከሰለጠነ ምግብ ለምን አልረከሰም” ብሎ ይጠይቃል። ሁለቱም ለማሾፍ የተባሉ ቢመስሉም ተራ ጥያቄዎች አይደሉም፣ የሚመጡትም ከአንድ ቦታ ነው፤ የኤክስቴንሽን ሥራ (ለገበሬው የሚሰጠው የግብርና ምክር) ለሕዝብ የሚነገርበት መንገድ ሥራው ምን እንደሆነ አይናገርም። ስንት ሰው እንደተሰበሰበ እንሰማለን፣ ከዛ በኋላ ምን እንደተለወጠ፣ የተለወጠውስ በምክሩ ነው ወይስ በዝናቡ፣ ምክሩን ሰምቶ ያልተቀበለው ገበሬ ደሞ ለምን አልተቀበለም የሚለው ግን አይነገርም።

ነገሩ የአንድ አገር ወይ የአንድ መስሪያ ቤት ችግር አይደለም። ኤክስቴንሽን ባለበት ሁሉ ያለ ነው፣ ምክንያቱም ግማሹ ከሥራው ባህሪ ግማሹ ደሞ ከሪፖርት አሰራር ይመጣል። ከታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኤክስቴንሽን ሲባል ምን ማለት ነው?

ባጭሩ በምርምርና በማሳ መሀል ያለ የምክር ሥራ ነው። ከምርምር ጣቢያ የወጣውን (ዘር፣ የመዝሪያ ጊዜ፣ የማዳበሪያ መጠን፣ ተባይ መከላከያ) ለገበሬው ማድረስ፣ ከገበሬው ደሞ ችግሩንና ራሱ የሚያውቀውን ይዞ ወደ ተመራማሪው መመለስ። ሁለተኛው ግማሽ ብዙ ጊዜ ይረሳል፣ “ገበሬውን ማስተማር” የሚባለውም ለዚህ ነው፣ “ገበሬውን ማስተማር” ብቻ ከተባለ ደሞ ያ የመጀመሪያው ጥያቄ (ማን ማንን ነው የሚያስተምረው?) መምጣቱ አይገርምም።

ሥራው ብዙ ጊዜ የተወለደው ከችግር ነው። አየርላንድ ውስጥ የድንች በሽታ ያመጣው ረሃብ በበረታበት በ1847 ከመንደር መንደር እየዞሩ ለትንንሽ ገበሬዎች የሚያስተምሩ ሰዎች ተልከው ነበር፣ በጥቂት ዓመት ውስጥም ቆመ። አሜሪካ ውስጥ በ1914 የወጣው የስሚዝ-ሌቨር ሕግ ደሞ ሥራውን በዩኒቨርሲቲዎች በኩል ቋሚ አደረገው። ሕጉ ለሥራው የሰጠውን ዓላማ ማየት ጥሩ ነው፤ ጠቃሚና ተግባራዊ የሆነ የግብርናና የቤት አያያዝ መረጃ በሕዝቡ መሀል ማሰራጨት፣ በሥራ ላይ እንዲውልም ማበረታታት ነው የሚለው። ምርት በዚህ ፐርሰንት ይጨምራል አይልም። ሕዝቡ ግን የሚጠብቀው ምርት ነው፣ ቢሮውም በጀት ሲጠይቅ ቃል የሚገባው ምርት ነው፣ ሠራተኛው በእጁ ያለው ደሞ መረጃና ማበረታታት ብቻ ነው። ክፍተቱ ገና ከዚህ ይጀምራል።

ከሕጉ 11 ዓመት በፊት፣ በ1903፣ ሲማን ናፕ የሚባል ሰው ቴክሳስ ውስጥ ቴሬል በምትባል ከተማ አጠገብ የሰራው ሥራ ብዙ ጊዜ እንደ መነሻ ይጠቀሳል። ናፕ መንግሥት በያዘው መሬት ላይ ከማሳየት ይልቅ አንድ ገበሬ በራሱ መሬት በራሱ ጉልበት እንዲሞክር አደረገ፣ የከተማው ነጋዴዎች ደሞ ገበሬው ቢከስር ኪሳራውን የሚሸፍን ገንዘብ አዋጡ። ታሪኩ ሲነገር “ገበሬው አይቶ አመነ” የሚለው ይጎላና ኪሳራውን ሌላ ሰው ሊሸከምለት ተስማምቶ እንደነበር ወደ ኋላ ይቀራል። ዛሬም እንደዛው ነው፤ የሰርቶ ማሳያ ዜና ላይ ዘሩን ማን ሰጠ፣ ባይበቅል ማን ይከፍል ነበር የሚል ጥያቄ ተነስቶ አያውቅም ማለት ይቻላል፣ ጎረቤቱ ገበሬ ግን ቀድሞ የሚጠይቀው ይሄንኑ ነው።

ውጤቱ ለምን ለዓይን አይታይም?

መንገድ ሲሰራ መንገዱ ይታያል፣ ክሊኒክ ሲከፈት ህንጻው ይታያል። ምክር ግን ከተሰጠ በኋላ የገበሬው ውሳኔ ይሆናል፣ ጥሩ ምርት ሲመጣ ገበሬው “ሰራሁ” ይላል (ልክ ነው)፣ ዘር ሻጩ “ዘሬ ነው” ይላል፣ ሌላው “ዝናቡ ጥሩ ነበር” ይላል። ሁሉም በከፊል ልክ ናቸው። መካሪው ደሞ ሥራው በሚገባ የተሳካ ጊዜ ነው ጭራሽ የማይታየው፣ ምክሩ የገበሬው የራሱ እውቀት ሆኖ ይቀራል።

ሁለተኛው ችግር ጊዜ ነው። ብራይስ ራያንና ኒል ግሮስ በ1943 ያሳተሙት አሜሪካ አይዋ ግዛት ውስጥ የተሰራ ጥናት እዚህ ላይ ዛሬም ይጠቅማል። በሁለት መንደሮች የሚኖሩ 259 ገበሬዎች ዲቃላ በቆሎ መቼና እንዴት እንደተቀበሉ ጠየቁ፣ ከሁለቱ በቀር ሁሉም በ1928 እና በ1941 መሀል ተቀብለውታል። ዲቃላው ከድሮው ዘር በግልጽ የተሻለ ነበር፣ እንደዛም ሆኖ አንድ ገበሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰማበት እስከ ተቀበለበት ድረስ በአማካይ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ወስዷል። ብዙዎቹ ወሬውን የሰሙት ከዘር ሻጭ ነው፣ ያሳመናቸው ግን ጎረቤት ነው። እንግዲህ ይሄን ይዛችሁ በዓመት አንዴ የሚወጣ ሪፖርት አስቡ፣ በአንደኛው ዓመት መንደሩ ውስጥ ያለው እውነተኛ ውጤት “ጥቂት ሰው ሰማ፣ አንድ ሁለት ሰው ትንሽ ቦታ ላይ ሞከረ” ነው። ይሄን ደሞ ማንም ኃላፊ ለጋዜጠኛ አይናገርም።

ሦስተኛውና ከባዱ “ምክሩ ባይኖርስ ኖሮ ምን ይሆን ነበር?” የሚለው ነው። የጥናት ሰዎች የንጽጽር መነሻ ይሉታል፣ ምክር ያገኙትን ምክር ካላገኙ ግን በሌላው ነገር ከሚመሳሰሉ ገበሬዎች ጋር ማስተያየት ማለት ነው። ካልተስተያየ ምን እንደሚሆን ኬንያ ጥሩ ማሳያ ናት። የዓለም ባንክ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ከ70 በላይ አገሮች ውስጥ በገንዘብ የደገፈው ‘የሥልጠናና ጉብኝት’ የሚባል አሰራር ነበር፣ ሠራተኛው በየሁለት ሳምንቱ ይሰለጥናል ከዛ በቋሚ ፕሮግራም የተመረጡ ገበሬዎችን ይጎበኛል። ኬንያ ውስጥ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተሰራ ግምገማ ፕሮግራሙ ያወጣውን ገንዘብ እጥፍ ድርብ አድርጎ እንደመለሰ አሳየ። በ1999 የባንኩ ተመራማሪዎች እነ ጋውታም ያንኑ ዳታ እንደገና ሲያዩት ስህተቶቹ ሲታረሙና በአካባቢዎች መሀል ድሮውንም የነበረው ልዩነት ሲቀነስ ያ ትልቅ ውጤት ሳይረጋገጥ ቀረ። ማንም አልዋሸም እኮ፤ ቀድሞውኑ የተሻለ መሬት ያለው ቦታ ብዙ ሠራተኛ ካገኘ ምርቱን ሠራተኛው ያመጣው ይመስላል።

ሪፖርቱ ለምን በጭንቅላት ቆጠራ ይሞላል?

ሥራውን የሚከታተሉ ሰዎች ውጤትን በደረጃ ይከፍሉታል። መጀመሪያ ግብዓት አለ (ገንዘብ፣ ሰው፣ መኪና)፣ ቀጥሎ የተሰራው ሥራ (ስንት ስልጠና፣ ስንት የመስክ ቀን)፣ ቀጥሎ በገበሬው ላይ የታየ ለውጥ (ምን አወቀ፣ ምን አደረገ)፣ መጨረሻ ላይ በኑሮው የመጣው ለውጥ (ገቢ፣ ምግብ፣ የአፈሩ ጤና)። ወደ መጨረሻው በሄድክ ቁጥር መለካቱ ይከብዳል፣ ይወደዳል፣ ጊዜ ይፈጃል። ስለዚህ ሁሉም ሁለተኛው ላይ ይቆማል፣ ፊርማ ያለበት የተሳታፊ ዝርዝር በአንድ ቀን ይገኛላ።

ሌላም አለ። በብዙ አገር የልማት ሠራተኛው መካሪ ብቻ አይደለም፣ ማዳበሪያ ያከፋፍላል፣ ብድር ያስመልሳል፣ ለስብሰባ ሰው ይጠራል፣ ዳታም የሚሰበስበው እሱ ነው። ገበሬው ደሞ ይሄን ያውቃል፣ ስለዚህ “ምክሩን ተግባራዊ አድርገሃል?” ተብሎ ሲጠየቅ ነገ ማዳበሪያ የሚሰጠውን ሰው ማስቀየም አይፈልግም። “አዎ” ይላል። ያ “አዎ” ከቀበሌ ወደ ወረዳ ከወረዳ ወደ ላይ ሲሄድ እየተደመረ ይሄዳል፣ ላይ ሲደርስ ሚሊዮን ነው። የሚሊዮኑ ችግር የፈጠራ መሆኑ አይደለም፣ እያንዳንዱ ገበሬ በእርግጥ ተጠይቆ በእርግጥ መልሷል፣ የመለሰው ግን ሌላ ጥያቄ ነው።

ደሞ የት ይኬዳል የሚለው አለ። የገጠር ልማት ተመራማሪው ሮበርት ቻምበርስ የገጠር ጎብኚዎች ከአስፋልት ብዙም እንደማይርቁ፣ በበጋ እንደሚሄዱ፣ የሚያገኙትም የተሻለ ኑሮ ያለውንና ወንዱን እንደሆነ በ1980ዎቹ ጽፎበታል። ጋዜጠኛም ከዚህ አያመልጥም፣ የቢሮው መኪና ይወስደዋል፣ የቢሮው መኪና ደሞ ሞዴል ገበሬው ጋ ነው የሚቆመው።

ከሰርቶ ማሳያ እስከ ዜና፤ ኩንታሉ መንገድ ላይ እንዴት ያብጣል?

እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም “በሄክታር ይሄን ያህል ኩንታል ተገኘ” የሚለው አረፍተ ነገር ነው ትልቁን ግራ መጋባት የሚፈጥረው፣ አብዛኛው ሰው ደሞ ወይ ሙሉ ለሙሉ ያምነዋል ወይ ሙሉ ለሙሉ ውሸት ነው ብሎ ይተወዋል። ብዙ ጊዜ ሁለቱም አይደለም።

አንድ ሰርቶ ማሳያ 10 ሜትር በ10 ሜትር ነው እንበል። ይሄ የሄክታር አንድ መቶኛ ነው፣ ስለዚህ እዚያ ላይ የተመዘነው በ100 ተባዝቶ ነው “በሄክታር” የሚባለው። ሚዛኑ በ1 ኪሎ ቢሳሳት በሄክታር 1 ኩንታል ስህተት ሆነ ማለት ነው፣ በ5 ኪሎ ቢሳሳት 5 ኩንታል። በዛ ላይ ትንሽ መደብ ጠርዙ ብዙ ነው፣ ጠርዝ ላይ ያለ ተክል ደሞ ጎረቤት ስለሌለበት ፀሐይም ምግብም በደንብ ያገኛል፣ ያፈራልም። የሰለጠነ ተመራማሪ የዳር መስመሮቹን ትቶ መሀሉን ብቻ ያጭዳል፤ የመስክ ቀን ላይ እንግዳ ቆሞ ሲጠብቅ ግን ይሄ ሁሌ አይደረግም።

ቀጥሎ እርጥበት። በቆሎ ገና ሲታጨድ 25 ፐርሰንት እርጥበት ሊኖረው ይችላል፣ ሳይበላሽ ለማከማቸት ግን 13 ፐርሰንት አካባቢ መውረድ አለበት። በ25 ፐርሰንት የተመዘነ 100 ኪሎ በቆሎ ወደ 13 ሲደርቅ 86 ኪሎ ገደማ ነው። እንግዲህ ማሳ ላይ ተመዝኖ “60 ኩንታል” የተባለው ጎተራ ሲገባ 52 አይሞላም፣ ማንም ሳይሰርቅ ማንም ሳይዋሽ 8 ኩንታል ጠፋ። ገበሬው ይሄን በደንብ ያውቃል፣ ዜና ሰሚው አያውቅም።

ከዛ የመነሻው ዓመት አለ። ባለፈው ዓመት ድርቅ ነበርና 20 ኩንታል ተገኘ፣ ዘንድሮ 30፤ “ምርት በ50 ፐርሰንት አደገ” ማለት ሂሳቡ ልክ ነው። ያለፉት አምስት ዓመታት አማካይ 28 ከሆነ ግን እድገቱ 7 ፐርሰንት ብቻ ነው። ሁለቱም ቁጥር ትክክል ሆኖ ዜና የሚሆነው የቱ እንደሆነ መቼም ግልጽ ነው።

መጨረሻ ላይ የአንድ ጎበዝ ገበሬ ውጤት የሁሉ ሰው ውጤት ይመስል ይነገራል። በምርምር ጣቢያ፣ በሰርቶ ማሳያና በተራ ገበሬ ማሳ የሚገኘው ምርት በየትኛውም አገር የተለያየ ነው፣ ባለሙያዎቹ የምርት ክፍተት ይሉታል፣ ክፍተቱ መኖሩ ደሞ ነውር አይደለም፣ ኤክስቴንሽን የሚባለው ሥራ ራሱ ያለው በዚህ ክፍተት ምክንያት ነው። ነውሩ ሦስቱን ቀላቅሎ አንድ ቁጥር ማድረግ ነው።

ደሞ አንድ ነገር ይጨመር፣ ገበሬ የሚያስበው በኩንታል ብቻ አይደለም። አዲሱ ዘር 10 ኩንታል ጨምሮ የማዳበሪያው፣ የአረሙና የአጨዳው ወጪ 10ሩን ኩንታል ከበላው ትርፍ የለም፣ ክፉ ዓመት ከመጣ ደሞ እዳ ነው። ይሄ ገበሬ “አልቀበልም” ሲል ሪፖርቱ ላይ “የአመለካከት ችግር” ተብሎ ይጻፋል። የሂሳብ ችግር ነው መባል የነበረበት፣ ሂሳቡም የእሱ ሳይሆን የመካሪው ነው።

ለገበሬው የሚነገረውና ለሕዝቡ የሚነገረው አንድ አይደለም

ብዙ ግብርና ቢሮ ውስጥ የሕዝብ ግንኙነት ክፍሉና የኤክስቴንሽን ክፍሉ በአንድ አፍ ይናገራሉ፣ ይሄ ጥሩ ይመስላል ግን ችግር አለው። ለገበሬው የሚነገር ነገር ዝርዝር፣ ወቅቱን የጠበቀና ስጋቱን የማይደብቅ መሆን አለበት፣ “በሳምንት ሁለቴ ማሳህን እይ፣ ቅጠሉ ላይ የእንቁላል ክምር ካየህ በእጅህ ጨፍልቅ” የሚል ዓይነት። ለሕዝቡ የሚነገረው ደሞ ምን እየተሰራ እንደሆነ፣ ምን ያህል ወጪ እንደወጣና ምን እንደተገኘ ነው። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ገበሬው ፕሮፓጋንዳ ይደርሰዋል፣ ከተሜው ደሞ የማይጠቅመው ቴክኒካል ዝርዝር።

መጤ ተምች በ2016 ምዕራብና መካከለኛው አፍሪካ ውስጥ ታየና በሁለት ዓመት ውስጥ ከሰሃራ በታች ያሉትን አገሮች ከሞላ ጎደል አዳረሰ። ትሉ አድጎ የበቆሎው እምብርት ውስጥ ከገባ በኋላ የሚረጭ መድሃኒት በደንብ አይደርሰውም፣ ስለዚህ ሁሉ ነገር በጊዜ በመታየቱ ላይ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ቢሮው ሕዝቡ እንዳይደናገጥ ብሎ በሬዲዮ “በቁጥጥር ስር ውሏል” ቢል ያንን ሬዲዮ ገበሬውም ይሰማዋል። ወይ አምኖ ማሳውን ማየት ይተዋል፣ ወይ በቆሎው ላይ ያለውን ትል አይቶ በሚቀጥለው ጊዜ የሚነገረውንም አያምንም። ለከተማ የተባለ ማረጋጊያ ገጠር ሲደርስ የተሳሳተ ምክር ሆነ ማለት ነው።

ይሄ ማለት ግን ሁለቱን አድማጭ ባንድ ላይ መያዝ አይቻልም ማለት አይደለም። ቢቢሲ በ1951 በመላው ብሪታንያ ማሰራጨት የጀመረው ስለ አንድ ገበሬ ቤተሰብ የሚያወራ የሬዲዮ ድራማ ሲጀመር ከግብርና ሚኒስቴሩ ጋር በመመካከር ነበር፣ ጦርነቱ ካለቀ በኋላም ምግብ በራሽን ስለነበር ገበሬው ምርት እንዲጨምር ምክር በጨዋታ መልክ ለማድረስ ነው። የከተማው ሕዝብም ተከታተለው፣ ድራማው ዛሬም አለ። የሰራው ምክሩ የመጣው ለሚከስሩም ለሚጨቃጨቁም ሰዎች ስለሆነ ይመስለኛል፣ ሁሉም የተሳካለት ቤተሰብ ቢሆን ማን ይሰማው ነበር።

ካናዳ ውስጥ ከ1941 እስከ 1965 የነበረው የገበሬዎች የሬዲዮ ውይይት ደሞ ሌላ ነገር ጨመረ። ጎረቤቶች ሰኞ ማታ አንድ ቤት ተሰብስበው ያዳምጣሉ፣ ይወያያሉ፣ የደረሱበትን ጽፈው ይልካሉ። በ1956 ሕንድ ፑኔ አካባቢ ተመሳሳይ ተሞክሮ ነበር። ያ የሚላከው ወረቀት ነው ዋናው፣ ምክንያቱም ለሕዝብ የሚነገረው “ስንት ሰው አዳመጠ” ብቻ ሳይሆን “ያዳመጠው ሰው ምን አለ” ሆነ።

የስኬት ታሪክ ወይስ ጥናት?

ሥራው ለሕዝብ እንዴት ይነገር በሚለው ላይ ባለሙያዎቹም አይስማሙም።

አንደኛው ወገን ሰው የሚገባው በሰው ነው ይላል። ሠንጠረዥ አይቶ የኤክስቴንሽን በጀት ይጨመር ያለ የምክር ቤት አባል የለም፣ አንዲት ሴት ዶሮ እርባታ ጀምራ ልጆቿን እንዴት እንዳስተማረች የሰማ ግን ይኖራል። ይሄ ክርክር ቀላል አይደለም፣ በተለይ ገበሬ ከሕዝቡ ጥቂት ፐርሰንት በሆነባቸው አገሮች አብዛኛው ግብር ከፋይ እርሻ አይቶ አያውቅም፣ የሚያገናኘው ታሪክ ብቻ ነው። ችግሩ የሚመረጠው ታሪክ ሁሌ የተሳካው መሆኑ ነው፣ ከመቶ አንዷ ትሁን ከመቶ ሰማንያዋ ሰሚው ማወቂያ የለውም።

ሁለተኛው ወገን በጥናት ያልተረጋገጠ አይነገር ይላል። ኢንዶኔዥያን ይጠቅሳሉ። እዚያ የሩዝን ጭማቂ የሚመጥ ቡናማ ትንሽ ተባይ መድሃኒት በበዛ ቁጥር ባሰበት፣ መድሃኒቱ ተባዩን የሚበሉትን ነፍሳት ስለሚገድል ነው። መንግሥት በ1986 57 ዓይነት የጸረ-ተባይ ምርቶች በሩዝ ላይ እንዳይረጩ ከለከለ፣ በ1989 ደሞ የገበሬዎች የመስክ ትምህርት ቤት የሚባለው ተጀመረ፤ ገበሬዎች ወቅቱን ሙሉ በቡድን ማሳ ውስጥ እየገቡ ነፍሳቱን ራሳቸው አይተው የሚወስኑበት ነው። ታሪኩ ዓለምን ዞረ፣ አሰራሩም ከ90 በላይ አገሮች ገባ። በ2004 ግን ተመራማሪዎቹ እነ ፌደር ባሳተሙት ጥናት በኢንዶኔዥያ ትምህርት ቤቱ በምርትና በመድሃኒት አጠቃቀም ላይ ያመጣው ለውጥ ጎልቶ ሊታይ አልቻለም። የአሰራሩ ደጋፊዎች ደሞ ዋናው ውጤት የገበሬው የማስተዋልና የመወሰን አቅም ነው፣ በኩንታል ብቻ አይለካም ብለው ይከራከራሉ። ይሄ መልስ ማምለጫ ሊመስል ይችላል፣ ግን ሙሉ በሙሉ ማምለጫ አይደለም፣ ችግሩ ቀድሞ ለሕዝብ የተሸጠው በአቅም ሳይሆን በምርት መሆኑ ነው።

እንደኔ ክርክሩ “ታሪክ ወይስ ቁጥር” ተብሎ መቅረቡ ራሱ ይስታል። ጥናቶቹ ውስጥ እኮ ከስኬት ታሪኩ የበለጠ ጆሮ የሚስብ ነገር አለ። ሞዛምቢክ ውስጥ በተደረገ ሙከራ በቀጥታ የሰለጠኑት አገናኝ ገበሬዎች አዲሱን የአፈር አያያዝ ራሳቸው ተቀበሉ፣ ወደ ጎረቤቶቻቸው ግን ብዙም አልተላለፈም። “አንዱ ሰልጥኖ ለሌላው ያስተምራል” የሚለው የሁሉም ፕሮግራም ምሶሶ ነው፣ እዚህ ግን አልያዘም። ማላዊ ውስጥ ደሞ ቤንይሻይና ሞባረክ የሚባሉ ተመራማሪዎች ማን የተሻለ እንደሚያሳምን ሞከሩ፣ መንግሥት ሠራተኛው፣ የተሻለ ኑሮ ያለው መሪ ገበሬ፣ ወይስ እንደ ሌላው ሰው የሆኑ ተራ ገበሬዎች? ለልፋታቸው ትንሽ ማበረታቻ ሲሰጣቸው የተሻለ ያሳመኑት ተራዎቹ ናቸው፣ ማበረታቻ ካልተሰጠ ግን አይለፉም። ይሄ ለማንኛውም ሰው የሚገባ ታሪክ ነው፤ ሀብታም ጎረቤትህ “ይሄን አድርግ” ሲልህ “አንተማ ትችላለህ” ነው የምትለው። ሞዴል ገበሬ ላይ ያለው የሚዲያ ፍቅር እዚህ ላይ ቢጠየቅ ጥሩ ነበር።

ሕዝቡ ካልገባው ምን ይመጣል?

ቀላሉ መዘዝ በጀት ነው፣ ማንም የማያውቀውን ሥራ መቁረጥ ጩኸት አያስነሳም። ከዛ የሚከብደው ግን ከተማው ስለ እርሻ ያለው ሃሳብ ከማሳው ሲርቅ ፖሊሲውም አብሮ መራቁ ነው። ስሪላንካ በሚያዝያ 2021 የኬሚካል ማዳበሪያ ከውጭ እንዳይገባ በአንዴ ከለከለች፣ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ክልከላውን አነሳች፣ መሀል ላይ ግን የሩዝና የሻይ ምርት ክፉኛ ወረደ። የውጭ ምንዛሪ እጥረት አንዱ ምክንያት ነበር፣ ለሕዝብ የቀረበው ግን በጤናና በተፈጥሮ ስም ነው። ኦርጋኒክ እርሻ ራሱ ወንጀለኛ አይደለም፣ ዓመታት የሚጠይቅ ሽግግር ነው፣ የሚበቃ ኮምፖስት ማዘጋጀት፣ አፈሩን ማየት፣ ገበሬውን ማማከር ያስፈልጋል። ይሄን ሁሉ የሚሰራው ኤክስቴንሽን ነው፣ ኤክስቴንሽን ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ የሚያውቅ ሕዝብ “በአንድ ወቅት ይቻላል” ሲባል ቢያንስ እንዴት ብሎ ይጠይቅ ነበር።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ስንመለስ፣ “ከሰለጠኑ ለምን አልረከሰም” የሚለው፣ መልሱ የምግብ ዋጋ ውስጥ ምርት አንዱ ብቻ መሆኑ ነው። ትራንስፖርት፣ ማከማቻ፣ ደላላ፣ የገንዘብ አቅም፣ ከውጭ የሚገባው፣ ሁሉም አለበት። እንዲያውም ሁሉም ገበሬ አንድ ምክር ሰምቶ አንድ ሰብል በአንድ ወቅት ካመረተ ዋጋው ይወድቅና ተጎጂው ራሱ ምክሩን የሰማው ነው። ኤክስቴንሽን ዋጋ ያረክሳል ብሎ ቃል የገባ ቢሮ መቆጣጠር የማይችለውን ነገር ነው ቃል የገባው።

አሁን ደሞ ስልኩ መጣ

ምክር ወደ ስልክና ቪዲዮ እየሄደ ነው። ሕንድ ውስጥ በ2006 የተጀመረው ዲጂታል ግሪን የአካባቢውን ገበሬዎች ራሳቸውን ቀርጾ ለጎረቤቶቻቸው ማሳየት ጀመረ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ በ2014 የተጀመረው የ8028 መስመር በነጻ ተደውሎ የተቀዳ ምክር ይሰማበታል። ጥሩ ነው። ግን የቆጠራው ችግር አብሮ ይመጣል፣ እንዲያውም ይብሳል፣ ድሮ “ይሄን ያህል ሰው ተሰበሰበ” ለማለት ቢያንስ ሰው መሰብሰብ ነበረበት፣ አሁን መቶ ሺ ሜሴጅ በአንድ ቁልፍ ይላካል፣ ሪፖርቱም ላይ “ተደራሽ ሆነ” ተብሎ ይሞላል። የተላከ፣ የተከፈተ፣ የተሰማ፣ የተተገበረ አራት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው፣ ለሕዝብ የሚነገረው ሁሌ የመጀመሪያው ነው።

እውነተኛው ቁጥር ምን ይመስላል? በ2019 ተመራማሪዎቹ እነ ፋብሬጋስና ክሬመር የተለያዩ ሙከራዎችን አንድ ላይ አድርገው ሲያዩ በስልክ የሚላክ የግብርና መረጃ ምርትን በአማካይ በ4 ፐርሰንት ገደማ ጨምሯል፣ የተመከረውን ግብዓት የመጠቀም እድልንም በ22 ፐርሰንት ገደማ። አራት ፐርሰንት ለዜና ርዕስ አይሆንም። በሄክታር 30 ኩንታል ለሚያገኝ ሰው ግን አንድ ኩንታል ከ20 ኪሎ ነው፣ ሜሴጁ ደሞ ሳንቲም ነው የሚያስወጣው፣ ሚሊዮን ገበሬ ጋ ሲደርስ ትልቅ ነገር ነው። አማካይ ነው ማለትም ለአንዳንዱ ምንም ላይጨምር ይችላል ማለት ነው፣ ለማን እንዳልጨመረና ለምን እንደሆነ ደሞ መሬቱን፣ ዝናቡንና የሰውየውን አቅም ሄዶ ያየ ሠራተኛ ካልጻፈው ከሰርቨር ውስጥ አይወጣም። ቢሮዎች አሁን ያላቸውን የሪፖርት ፎርም ቢከፍቱት ለዚህ የሚሆን ባዶ ቦታ የለውም፤ “ብዛት፣ ወንድ፣ ሴት፣ ድምር” ነው የሚለው።